ትርፍ አንጀት ከፈነዳ በኋላ፤ ቀዶ ሕክምናው መቼ ይሁን?

ክቡራትና ክቡራን፤

ትርፍ አንጀቱ የወጣለት ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ይገኛል ብዬ አላስብም። ሕዝባችን ስለዚህ ሕመም የያዘው ምክር አንድ ነው፤ ሳይፈነዳ ይውጣ። ምክሩ ትክክል ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ምክሩ ሳይደርስላቸው ስለቀሩት ሕመምተኞች ነው፤ ማለትም ትርፍ አንጀታቸው ከበሰበሰ፣ ከተበሳ ወይም መግል ከቋጠረ በኋላ ወደ ሆስፒታል ስለሚመጡት። ለእነዚህ ሰዎች ቀዶ ሕክምናው መቼ ይሠራ? አስታማሚ ሁሉ የሚመልሰው "አሁኑኑ" ብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ነገር ግን በአንዳንዱ ሕመምተኛ ላይ ያ ችኮላ ጣት የምታክል ትርፍ አንጀት ለማውጣት ገብቶ የትልቁን አንጀት የቀኝ ክፍል ቆርጦ መውጣትን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በዚህ ንግግር የማስረዳው ነገር ይህ ነው፤ ትርፍ አንጀት ከተበሳ በኋላ የቀዶ ሕክምናውን ጊዜ የምንወስነው ሕመሙ ሆድ ውስጥ የት እንደደረሰና ሰውነት ምን ያህል እንደከበበው አይተን ነው፤ ውሳኔውም ባለን ባለሙያና መሣሪያ ይለያያል።

ከሕመሙ አካሄድ ልጀምር። ትርፍ አንጀት ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር ከሚገጥምበት አካባቢ፣ በሆድ የቀኝ ታችኛ ክፍል የምትገኝ፣ ጫፏ የተደፈነ ቀጭን ቱቦ ናት። አፏ በደረቀ ሰገራ ጠጠር ወይም በልጆች ላይ እንደሚታየው ባበጠ የውስጥ ሥጋዋ ሲዘጋ፣ የምታመነጨው ፈሳሽ መውጫ ያጣል፤ በውስጧ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ በግድግዳዋ ውስጥ የሚያልፉት የደም ሥሮች ይታፈናሉ፤ ባክቴሪያው ይራባል፤ በመጨረሻም ግድግዳው ጠቁሮ ይበሳል። በሽተኛው መጀመሪያ እንብርቱ ዙሪያ የሚሰማው ቁርጠት ቆይቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆዱ የሚወርደው በዚህ ሂደት ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቱቦዋ ስትበሳ ውስጧ የታመቀው ግፊት ስለሚለቅ ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ቀለል ሊል ይችላል። ልጁ "ተሻለኝ" ይላል፣ እናትም እግዚአብሔርን አመስግና ትተኛለች፤ በማግስቱ ግን ሆዱ በሙሉ ተወጥሮ፣ ትኩሳቱ ወጥቶ፣ ለመንቀሳቀስ እንኳ አቅቶት ይገኛል።

ቱቦዋ ከተበሳች በኋላ ሕመሙ ከሁለት መንገድ በአንዱ ይሄዳል። በአንደኛው፣ መግሉና ሰገራው ያለ ከልካይ ወደ መላው የሆድ ዕቃ ይረጫል፤ የሆድ ዕቃ ሽፋንም ባጠቃላይ ይቆጣል። በሌላው፣ ሰውነት ራሱ ከበባ ያደርጋል። በግ ሲታረድ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ሞራ በሰው ሆድ ውስጥም አለ፤ ይህ ሞራ ወደ ተቆጣው ቦታ ተስቦ ይለጠፋል፣ አጠገብ ያሉት አንጀቶችም ይጣበቁበታል፤ በዚህም የተበሳችው ትርፍ አንጀት ከነመግሏ ታጥራ ትቀራለች። ሐኪም ሲዳስሰው በቀኝ በኩል የጠጠረ እብጠት ያገኛል፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን በኋላ የሚታይ ነው። ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ሞራው ገና ስስና አጭር ስለሆነ ይህ ከበባ እምብዛም አይሳካም፤ ሕፃናት ሕመማቸውን በቅጡ መናገር አለመቻላቸው ሲጨመርበት፣ ብዙዎቹ የሚመጡት ሕመሙ በመላው ሆዳቸው ከተሠራጨ በኋላ ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። የቦስተኑ ሐኪም ሬጂናልድ ፊትዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የዚህ ሁሉ መግልና ሞት ምንጭ ትርፍ አንጀት መሆኗን ለሙያ ጓዶቹ ካስረዳና ቶሎ በቀዶ ሕክምና እንድትወጣ ካሳሰበ በኋላ፣ ቀዶ ሐኪሞች ለሁለት ተከፈሉ። ክፍፍሉ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ነበር፤ በቺካጎ ጆን መርፊ ሳይዘገይ እንዲከፈት ሲሟገት፣ አልበርት ኦክስነር ደግሞ ዘግይተውና ሆዳቸው ተቆጥቶ ለመጡት ምግብና መጠጥ በአፍ ከልክሎ፣ ጨጓራቸውን አጥቦ፣ ከበባው እስኪጸና መጠበቅ ብዙ ሰው እንደሚያድን ያስተምር ነበር። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት፣ ሰመመን አደገኛ በነበረበት ዘመን ሁለቱም የሚያሳዩት የየራሳቸው እውነት ነበራቸው።

የዚያ ዘመን ትልቁ ማሳያ የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ናቸው። ዘውድ የሚጭኑት እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1902 ሊሆን ተወስኖ፣ ከመላው ዓለም እንግዶች ለንደን ገብተው ነበር፤ ከተጋባዦቹም መካከል ዳግማዊ ምኒልክን ወክለው የተላኩት ራስ መኮንን ይገኙበታል። ንጉሡ ከበዓሉ ቀደም ብሎ ጀምሮ ሆዳቸውን ታመሙ፤ በቀኝ በኩልም እብጠት ወጣባቸው። እንደ ምንም ብለው በዓሉን ለማክበር ቢፈልጉም፣ በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ሰኔ 24 ቀን ቀዶ ሐኪሙ ፍሬደሪክ ትሬቭስ በቤተ መንግሥት ውስጥ ሆዳቸውን ከፈተ። ያደረገው ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ መግሉን አፈሰሰ፣ ማፍሰሻ ቱቦ አስገባ፣ ትርፍ አንጀቷን ፈልጎ አላወጣም። የስድሳ ዓመቱ፣ ወፍራሙና ሲጋራ የማይለያቸው ንጉሥ አገግመው ነሐሴ 9 ቀን ዘውዳቸውን ጫኑ። ትሬቭስ ይህን ሲያደርግ የሕመሙን ክፋት ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጁ በዚሁ ሕመም ሞታበታለች። በ1887ም ሕመሙ እየተመላለሰ ያሠቃየውን ሰው፣ ሕመሙ በበረደበት ጊዜ ጠብቆ ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ እሱ ነው። ዛሬ "አብርዶ፣ ቆይቶ ማውጣት" የምንለው ዘዴ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልመለስ፤ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ሁልጊዜ ይምታታሉ። አንደኛው ሕመሙ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሆስፒታል እስኪደረስ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከኒውዮርክ የታተመ ጥናት፣ ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 36 ሰዓታት ውስጥ የመበሳት ዕድሉ ከመቶ ሁለት የማይበልጥ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ግን በየ12 ሰዓቱ ወደ አምስት ከመቶ እንደሚሆን አሳይቷል። ሁለተኛው ደግሞ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በ2023 የታተመውና በፊንላንድና በኖርዌይ 1800 ያህል ሕመምተኞችን ያካተተው ጥናት፣ የመበሳት ምልክት ያልታየባቸውን ሰዎች በዕጣ ከፍሎ፣ አንዱን ወገን በስምንት ሰዓት ውስጥ፣ ሌላውን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቀዶ ሕክምና አድርጎላቸው ነበር። የተበሳ ትርፍ አንጀት የተገኘው በአንዱ ወገን በስምንት፣ በሌላው በዘጠኝ ከመቶ ነው፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። ከዚህ ጥናት በኋላ "ትርፍ አንጀት እስኪነጋ ይጠብቃል" የሚል አባባል በተረኛ ሐኪሞች ዘንድ ሲደጋገም እሰማለሁ። ለጥናቱ ሕመምተኞች እውነት ነው። ሆዱ እንደ ጣውላ ደርቆ ለመጣው ሕመምተኛ ግን ጥናቱ ምንም አላለም፤ እሱ ከመጀመሪያውም በዕጣው ውስጥ አልገባም።

በአገራችን የሚያሸንፈን የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በየጊዜው የሚገጥመንን ዓይነት ሕመምተኛ ላስቀምጥላችሁ። ልጁ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቁርጠት ነው ተብሎ ዝንጅብልና ጤና አዳም ጠጣ። በሁለተኛው ቀን በቅርብ ባለ ክሊኒክ ደም ተመርምሮ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተባለ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ከማስታገሻ ጋር ተሰጠው። መድኃኒቱ ሕመሙን አላዳነውም፤ ትኩሳቱን ግን አብርዶ መልኩን አጠፋው። በአራተኛው ቀን ትውከቱ ሲብስበት ጤና ጣቢያ ሄደ፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት በአምስተኛው ቀን ሌሊት እኛ ዘንድ ደረሰ። አባትየው የያዙት ፌስታል ውስጥ የመድኃኒት ካርቶኖቹ ሁሉ አሉ፤ እኔም ታሪኩን ከልጁ አፍ ከምሰማው ይልቅ ከፌስታሉ በቅደም ተከተል አነበዋለሁ። (በነገራችን ላይ፣ ማስታገሻ መስጠት ምርመራን ያበላሻል የሚለው የቆየ እምነት በጥናት ውድቅ ሆኗል፤ ልጁን የጎዳው የማስታገሻ መርፌው አይደለም፣ ሆዱን ዳስሶ ያየው ሰው መጥፋቱ ነው።)

ይህ ልጅ ከሁለቱ መንገዶች በየትኛው ላይ እንዳለ የሚለየው በእጅ ነው። እጄን አሙቄ ከግራ በኩል፣ ከማያመው ቦታ እጀምራለሁ። ሆዱ በሙሉ ጠንክሮ፣ አልጋው ሲነቃነቅ እንኳ ፊቱ የሚጨማደድ ከሆነ፣ የልብ ምቱ 130 ደርሶ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ሕመሙ በመላው ሆዱ ተሠራጭቷል፤ እንዲህ ላለው መጠበቅ የሚባል ሕክምና የለም። ቢሆንም "ወዲያውኑ" ስንል ከበር ወደ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ማለታችን አይደለም። አምስት ቀን ሲያስመልስ የቆየ ልጅ ውኃው ከሰውነቱ አልቋል፤ በዚያ ሁኔታ ሰመመን ቢሰጠው ቢላዋው ቆዳውን ሳይነካ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ግሉኮስ ብለን በልማድ የምንጠራው ፈሳሽ በሁለት እጁ በፍጥነት ይገባል፤ አንቲባዮቲክ በመጀመሪያው ሰዓት ይሰጠዋል፤ በአፍንጫው የጨጓራ ቱቦ፣ በፊኛው የሽንት ቱቦ ይገባል። ሽንቱ መውረድ ሲጀምርና የልብ ምቱ ሲረጋ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ይህ ዝግጅት የሁለት፣ የሦስት፣ ግፋ ቢል የአራት ሰዓት ሥራ ነው። አስታማሚ ዘመዶች ይህን ጊዜ እንደ ቸልተኝነት ሲቆጥሩት አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም፣ ማንም አላስረዳቸውምና። በሌላ በኩል "ትንሽ ይረጋጋ" እየተባለ ለነገ ጠዋት የሚገፋውን እቃወማለሁ፤ መግሉ ሆድ ውስጥ እስካለ ድረስ ሕመምተኛው ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሊረጋጋ አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው ሕመምተኛ ፈጽሞ ሌላ ነው። ሆዱ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ በቀኝ በኩል ብቻ የጠጠረ፣ ሲነካ የሚያም እብጠት አለ፤ ትኩሳቱ መለስተኛ ነው፤ በእግሩ ተራምዶ የመጣም አለ። ሆዱ ቢከፈት የሚገኘው ሞራ፣ ትንሹ አንጀትና ትልቁ አንጀት አንድ ላይ ተጣብቀው፣ አብጠውና ደምተው ነው። የአንዱን ወሰን ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ ስፌት ለማስያዝ መሞከር በራሰ እንጀራ ላይ ክር እንደ መቋጠር ነው። ትርፍ አንጀቷን ፍለጋ ሲባል ጤነኛው አንጀት ይቀደዳል፤ ከዚያም የአንጀቱን ክፍል ቆርጦ መግጠም የግድ ይሆናል። ስለዚህ የቆየው ልምድ አንቲባዮቲክ በደም ሥር መስጠት፣ የተጠራቀመ መግል ካለ በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ በመርፌና በቱቦ ማፍሰስ፣ ከዚያም መከታተል ነው። ከስዊድን የወጣውና በ2007 የታተመው የጥናቶች ድምር ግምገማ እንዳሳየው፣ በዚህ መንገድ ከታከሙት ውስጥ ሕክምናው ያልሠራላቸው ሰባት ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው፤ ሃያ ከመቶ ያህሉ ደግሞ መግሉ እንዲፈስላቸው ግድ ሆኗል።

ክትትሉ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጀማሪ ሐኪሞችን የማስተምረው የእብጠቱን ጠርዝ በቆዳው ላይ በእስክርቢቶ እንዲያሰምሩ ነው፤ በየጠዋቱ ያው ሐኪም በዚያው እጁ ዳስሶ ከመስመሩ ገባ ወይስ ወጣ ብሎ ያያል። እብጠቱ ከቀነሰ፣ ትኩሳቱ ከወረደ፣ ሕመምተኛው ምግብ ካማረው መንገዱ ልክ ነው። እብጠቱ መስመሩን ካለፈ፣ የልብ ምቱ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ ወይም ሕመሙ ወደ ግራ ከተሻገረ፣ ከበባው ተሰብሯልና መጠበቁ እዚያው ላይ ያበቃል። ይህን ምልክት በሌሊት የሚያይ ሰው በሌለበት ዋርድ "በመድኃኒት እንጠብቅ" ማለት ሕክምና ነው ለማለት አልደፍርም።

ታዲያ ይህ የቆየ ልምድ ዛሬም ሳይነካ ቆሟል? አልቆመም። በሄልሲንኪ በ60 አዋቂዎች ላይ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት መግል የቋጠሩትን በዕጣ ከፍሎ፣ ግማሾቹን ወዲያው በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ቀዶ ሕክምና ሠራላቸው። በሆስፒታል የቆዩበት ጊዜ አልተለያየም፤ ወዲያው የተሠራላቸው ግን ተመልሰው የመተኛታቸው ነገር ቀንሷል። በአንጻሩ ከእነሱ አሥር ከመቶው አንጀት ተቆርጦባቸዋል፤ ያውም ላፓራስኮፒን በሚገባ በተካኑ እጆች። በልጆች በኩልም መልሱ አንድ አይደለም። በቴነሲ ክፍለ ግዛት በሜምፊስ ከተማ ትርፍ አንጀታቸው በተበሳ 131 ልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ቶሎ የተሠራላቸውን ደግፏል፤ ወደ መደበኛ ኑሯቸው የተመለሱት በ14 ቀን ገደማ ሲሆን፣ ለሳምንታት የጠበቁት በ19 ቀን ነው፤ ችግር የገጠማቸውም 30 ከመቶ ሲሆኑ የጠበቁት 55 ከመቶ ነበሩ። በካንሳስ ሲቲ በ40 ልጆች ላይ የተደረገው ሌላ ጥናት ግን በደንብ የታጠረ መግል ይዘው ለመጡት ሁለቱም መንገዶች ያው መሆናቸውን ነው ያገኘው። እኔ ሁለቱ ጥናቶች ይጋጫሉ አልልም። የመጀመሪያው የተበሳበትን ልጅ ሁሉ ያካተተ ነው፤ ሁለተኛው ሰውነታቸው ከበባውን የጨረሰላቸውን ብቻ። የዛሬው ርዕስ ልብ ያለው እዚያ ልዩነት ላይ ነው።

ድንገተኛ ቀዶ ሕክምናን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2020 ያሻሻለው የኢየሩሳሌም መመሪያም ይህንኑ አገናዝቧል፤ የላፓራስኮፒ ችሎታ ባለበት ቀዶ ሕክምናውን መጀመሪያ ላይ መሥራት እንደሚቻል፣ በሌለበት ግን በመድኃኒትና መግሉን በማፍሰስ መጀመር እንደሚገባ ይመክራል። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም አለው። ኢትዮጵያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያዎችን በሁለተኛ ዲግሪ እያሠለጠነች ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች መላኳ የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉን ማንም አይክድም። እንዲህ ያለው ባለሙያ መላ ሆዱ የተቆጣውን ልጅ በዚያው ሌሊት ሊከፍተው ይገባል፤ ሪፈር ቢለው መንገድ ላይ ያጣዋል። የታጠረ እብጠት ያለበትን ሰው ግን በዚያው ሌሊት በመክፈት የሚያተርፈው ነገር የለም፤ አንቲባዮቲክ አስጀምሮ፣ በማግስቱ አልትራሳውንድና አንጀት መቁረጥና መግጠም የሚችል ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል በመኪና ቢልከው ይሻላል። ለሁለቱ ሕመምተኞች የሚጻፈው ምርመራ አንድ ዓይነት ነው፤ "የተወሳሰበ የትርፍ አንጀት ሕመም" ይላል። የሚያስፈልጋቸው ሌሊት ግን የተለያየ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ስለሚሰጠው አንቲባዮቲክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከኔዘርላንድ በ2023 የታተመውና ከ1000 በላይ ሰዎችን ያካተተው ጥናት፣ ሁለት ቀን መስጠት ከአምስት ቀን እንደማያንስ አሳይቷል፤ ሆኖም ሕመምተኞቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም በላፓራስኮፒ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ሆዱ በሰፊው ተከፍቶ ለታጠበ ሰው እንዳለ መገልበጥ አይገባም።

የሚቀረው እብጠቱ በመድኃኒት ከሟሸሸ በኋላ ስለሚመጣው ጥያቄ ነው። ትርፍ አንጀቷ አሁንም ሆድ ውስጥ ነች፤ ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት በኋላ ትውጣ ወይስ ትቅር? እኔ ስማር መልሱ "ትውጣ" ነበር፤ ለሁሉም። ዛሬ እንደ ዕድሜው እለያለሁ። በብሪታንያ፣ በስዊድንና በኒውዚላንድ በ106 ልጆች ላይ በተደረገውና በ2017 በታተመው ጥናት፣ ሳይሠራላቸው በክትትል ከቆዩት ውስጥ በአንድ ዓመት ጊዜ ሕመሙ የተመለሰባቸው 12 ከመቶ ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአሥር ዓመት ልጅን ወላጆች፣ ሕመሙ ከተመለሰ በዚያው ቀን መምጣት የሚችሉ ከሆነ፣ ሳይሠራ መጠበቅ ይቻላል እላቸዋለሁ። ቤታቸው ከአስፋልት መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ከሆነ ግን መልሴ ይለወጣል፤ ለእነሱ ወደፊት ያለው አንድ አደጋ ከመቶ አሥራ ሁለት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ከአርባ ዓመት በላይ ላለው ሰው ነገሩ ሌላ ነው። በፊንላንድ በ60 ሰዎች ላይ የተጀመረ ጥናት፣ መግል ቋጥረው በመድኃኒት ከዳኑት ግማሾቹን ቀዶ ሕክምና ሊያደርግላቸው፣ ግማሾቹን በኤምአርአይ ሊከታተላቸው አቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ከተሳታፊዎቹ 20 ከመቶው ላይ ዕጢ በመገኘቱ ጥናቱ ሳይጠናቀቅ እንዲቆም ተደረገ። ዕጢ የተገኘባቸው ሁሉ ከ40 ዓመት በላይ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው እብጠቱ ሲጠፋለት "ድነሃል፣ ሂድ" ብዬ አላሰናብትም፤ ሲቲ ስካንና ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ከውስጥ ማየት) እንዲደረግለት፣ ትርፍ አንጀቱም እንድትወጣ እመክራለሁ። ምክሩን ለመቀበል የሚቸገሩት ብዙ ናቸው፤ ምንም የማያመውን ሰው ገንዘብ አውጣና ተቀደድ ማለት ቀላል አይደለም።

በዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ችግር አለ። መግሉ በቀዳዳ የፈሰሰለት ሰው በቀኝ ሆዱ ላይ ጠባሳ ይዞ ይወጣል፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ቦታ ሲያመው "የኔማ ወጥቷል" ይላል፤ ሐኪሙም ጠባሳውን አይቶ ያምነዋል። በአንድ አገር ታክሞ በሌላ አገር በሚኖር ሰው ላይ ይህ የበለጠ ያጋጥማል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ብዙዎቹ የሕክምና ወረቀታቸው በዓረብኛ ተጽፎ በሻንጣቸው ውስጥ ነው፣ ያም ካልጠፋ። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ወረቀት ላይ መግሉ ብቻ መፍሰሱና ትርፍ አንጀቷ አለመውጣቷ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በግልጽ ይጻፍ፤ ቀጠሮው ከስድስት ሳምንት በኋላ በየትኛው ቀን እንደሆነም ይጠቀስ፤ ለሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን አብሮት ለመጣው ዘመድም በቃል ይነገረው።

አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።